የለስላሳ ፋብሪካ የጠርሙስ መስመርና የመኪና ወረፋ፦ የትኛውን የሲሙሌሽን ሶፍትዌር እንምረጥ?

ጠርሙስ_መስመር

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምሠራው በአንድ የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካ፣ በምርት ማሻሻያ ክፍል ነው። ጠርሙሳችን ተመላሽ ነው፤ መኪናው ባዶ ሳጥን ይዞ ይገባል፣ ያራግፋል፣ ሙሉውን ጭኖ ይወጣል። ያስቸገሩን ነገሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ በዓል ሲቃረብ ግቢው ይሞላና መኪኖቹ ከበር ውጭ አስፋልቱ ዳር ተሰልፈው ይውላሉ። ሁለተኛው፣ መሙያ ማሽናችን በሰዓት 24,000 ጠርሙስ እንዲሞላ የተሠራ ነው፤ ፈረቃው ሲያልቅ ግን የሚቆጠረው ምርት ከዚያ ሒሳብ በብዙ ያንሳል።

አስተዳደሩ ዘንድሮ ከሁለት አንዱን ለመሥራት ፈቃደኛ ነው፤ ወይ ተጨማሪ የመጫኛ በር ይከፈታል፣ ወይ በማጠቢያውና በመሙያው መካከል ያለው ማጓጓዣ ይረዝማል። ሥራ አስኪያጃችን "የትኛው እንደሚበልጥ በሲሙሌሽን አሳዩኝ፣ ሶፍትዌሩንም እናንተው ምረጡ" ብለውናል፤ ሥራውን በኮምፒዩተር አስመስሎ ማስኬድ ማለታቸው ነው። በቅርቡ አንድ ሻጭ መጥቶ በሦስት ገጽታ የሚንቀሳቀስ ፋብሪካ አሳየን፤ ፎርክሊፍቱ ሲዞር፣ ሠራተኛው ሲራመድ ይታያል። ስብሰባው ውስጥ የነበረው ሁሉ ወደደው። ኢንተርኔት ላይ ሳነብ ደግሞ አሬና፣ ኤኒሎጂክ፣ ፍሌክስሲም፣ ሲሚዮ፣ ሲሙልኤት፣ ፕላንት ሲሙሌሽን፣ ሲምፓይ፣ ጃምሲም እያለ ዝርዝሩ አያልቅም። ሥራውን የምንሠራው ሁለት ነን፤ እኔና አምና የተመረቀች ኢንዱስትሪያል ኢንጂነር። እሷ በፓይተን ኮድ መጻፍ ትችላለች፤ እኔ የምሠራው በኤክሴል ነው። የሠራችሁበት ሰዎች እባካችሁ ምከሩን።

ወረፋ_ቆጣሪ

ወንድሜ፣ የሶፍትዌር ስም ከመደርደርህ በፊት ውሳኔውን ለይተህ መጻፍህ በጣም ይጠቅመናል። በር ወይስ ማጓጓዣ? ጥያቄው ይኼ ከሆነ፣ ለዚህ መልስ የማያስፈልገው ነገር ሁሉ ከሞዴሉ ይውጣ።

መጀመሪያ ልትለየው የሚገባህ ነገር አለ። ሁለቱ ችግሮችህ ዓይነታቸው አንድ አይደለም። የመኪናው ጉዳይ የታወቀው የወረፋ ሥራ ነው፤ አንድ መኪና ይደርሳል፣ ተራ ይጠብቃል፣ ያራግፋል፣ ይጭናል፣ ይሄዳል። እያንዳንዱን መኪና ለብቻው መከታተል ትርጉም አለው። የአይቢኤሙ ጄፍሪ ጎርደን እ.ኤ.አ. በ1961 ጂፒኤስኤስ የተባለውን የሲሙሌሽን ቋንቋ ካወጣ ጀምሮ የዚህ ሥራ መሠረቱ አልተቀየረም፦ ተስተናጋጅ አለ፣ አስተናጋጅ አለ፣ በመካከላቸው ወረፋ አለ። የዘረዘርካቸው ሁሉ ይህን ይሠራሉ። ለግቢው ብቻ ከሆነ የምትገዛው፣ ልዩነታቸው ዋጋቸውና ለመማር መቅለላቸው ነው።

የጠርሙሱ መስመር ግን ሌላ ነው። በሰዓት 24,000 ጠርሙስ፣ ባለ 24 ሳጥን ከሆነ 1,000 ሳጥን ነው፤ በ8 ሰዓት ፈረቃ 192,000 ጠርሙስ። እያንዳንዱን ጠርሙስ ለብቻው ካስኬድከው ኮምፒዩተሩ ይንቀራፈፋል፤ ጥቅምም የለውም፣ ስለ አንዷ ጠርሙስ ዕጣ የሚጠይቅህ ሰው የለምና። መስመሩ መታየት ያለበት እንደ ፍሰት ነው፤ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ማጓጓዣው ይሞላል፣ ይጎድላል። ኤክስቴንድሲም ለዚህ የተለየ ክፍል አለው፤ ኤኒሎጂክ የፈሳሽ ላይብረሪ (ለፍሰት ተዘጋጅተው የሚመጡ ክፍሎች ስብስብ) አለው፤ ፍሌክስሲምም እንዲሁ። በሌሎቹ ደግሞ 10 ሳጥን አንድ ላይ እንደ አንድ ዕቃ እያደረግህ ማስኬድ ትችላለህ።

አሁን ስለ ማጓጓዣው ትንሽ ልቆይ፤ ገንዘቡ ያለው እዚህ ነውና። ከማጠቢያው እስከ መሙያው ያለው የማጓጓዣ ሰንሰለት 2,000 ጠርሙስ ይይዛል እንበል። መሙያው በደቂቃ 400 ይወስዳል። ስለዚህ ማጠቢያው ሲቆም መሙያው 5 ደቂቃ ያህል ሳይሰማው ይሠራል። ከ5 ደቂቃ በታች የሆነ መቆም ሁሉ እዚያው ሰንሰለቱ ላይ ያልቃል። ከዚያ በላይ ሲሆን መሙያው ባዶ ቀርቶ ይቆማል። ግን ይኼ የሚሆነው ሰንሰለቱ ሞልቶ ሲጠብቅ ብቻ ነው። እንዲሞላ ደግሞ ማጠቢያው ከመሙያው መፍጠን አለበት፤ በመስመሩ ላይ ከመሙያው በፊትም በኋላም ያሉ ማሽኖች ከሱ ፈጠን ተደርገው የሚመረጡት ለዚህ ነው። የእናንተ ማጠቢያ ካረጀና ፍጥነቱ ከመሙያው ጋር እኩል ከሆነ፣ ሰንሰለቱን ብታስረዝሙት አንዴ ከጎደለ አይሞላም፤ ብረት ገዝታችሁ አስቀመጣችሁ ማለት ነው።

እንግዲህ መልስ የምፈልግባቸው ጥያቄዎች፦ የማጠቢያው መቆም አብዛኛው ስንት ደቂቃ ነው? ማጠቢያው በሰዓት ስንት ያወጣል? ሞዴሉ ከዚህ ውሳኔ በኋላ በየወሩ ይሠራበታል ወይስ ይቀመጣል? ልጅቷ ነገ የተሻለ ደመወዝ አግኝታ ብትሄድ ማን ይረከበዋል?

ተማሪ_5ኛ_ዓመት

ጋሼ ወረፋ_ቆጣሪ ይቅርታ፣ እኛ ትምህርት ቤት የተማርነው አሬና ነው። ኢንተርኔት ላይ ግን "ኤጀንት ቤዝድ" እና "ሲስተም ዳይናሚክስ" የሚባሉም አሉ። ለዚህ ሥራ ያስፈልጋሉ?

ወረፋ_ቆጣሪ

ለዚህ አያስፈልጉም። ሲስተም ዳይናሚክስ በኤምአይቲው ጄይ ፎሬስተር የተጀመረ ነው፤ ነገሮችን በጅምላ፣ በክምችትና በፍሰት ያያል። የተመላሽ ጠርሙስ በሀገር ደረጃ በዓመት ስንቱ ይሰበራል፣ ስንቱ በቸርቻሪ ቤት ተከማችቶ ይቀራል ለሚል ጥያቄ ጥሩ ነው። ኤጀንት ቤዝድ ደግሞ እያንዳንዱ ሰው ወይም መኪና የራሱን ውሳኔ ሲወስን ነው የሚያስፈልገው፤ ለምሳሌ ሾፌሩ ወረፋውን አይቶ ወደ ሌላ ዴፖ ቢሄድ። ኤኒሎጂክ ሦስቱንም በአንድ ሞዴል ያቀላቅላል፤ ዋናው መለያውም ይኼ ነው። የማትጠቀምበትን ነገር ግን ለመማርም ለመግዛትም አትድከም።

አሬናን መማራችሁ አልከሰራችሁም። የአሬና መሠረት የሆነውን ሲማን የተባለ የሲሙሌሽን ቋንቋ የሠራው ዴኒስ ፔግደን ነው፤ ኋላ ሲሚዮንም ያቋቋመው እሱው ነው። አሬና እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የሮክዌል ኩባንያ ነው። አንዱን በደንብ ያወቀ ሌላው አይከብደውም። የተማሪው አሬና ግን በአንድ ጊዜ ከ150 በላይ ተስተናጋጅ ሞዴሉ ውስጥ ከገባ ይቆማል፤ ለንግድ ሥራም አይፈቀድም።

ሽቱትጋርት_ነዋሪ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የምኖረው ጀርመን ነው፤ ለመኪና ፋብሪካዎች የምርት ዕቅድ የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ነኝ። እዚህ የሲመንስ ፕላንት ሲሙሌሽን ነው በብዛት ያለው። የሚያዘወትሩት ከሌሎቹ ስለበለጠ ብቻ አይደለም። የመኪና አምራቾቹ ተስማምተው በማኅበራቸው በኩል የጋራ ላይብረሪ ሠርተውለታል። አቅራቢ ድርጅት ሞዴል ሲያስረክብ በዚያ ላይብረሪ የተሠራ እንዲሆን ይጠየቃል፤ ተቀባዩም ከፍቶ ያነበዋል።

ይህን የምላችሁ ለምን መሰላችሁ? "ምርጡ" የሚባለው ሶፍትዌር በዙሪያህ ማን እንዳለ ነው የሚወሰነው። አዲስ አበባ ላይ ችግር ቢገጥምህ ደውለህ የምትጠይቀው ሰው በየትኛው ይሠራል? ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡት ልጆች በየትኛው ተምረዋል? እኔ ባንተ ቦታ ብሆን ፕላንት ሲሙሌሽንን አልመርጥም፤ ሶፍትዌሩ ግሩም ነው፣ ግን ሲምቶክ የሚባለውን የራሱን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ፈልገህ ላታገኝ ትችላለህ።

ስለ ሦስት ገጽታው ሥዕል ደግሞ፣ ሰው ሁሉ ሲያጥላላው እሰማለሁ፤ እኔ አልስማማም። የፎርክሊፍት ሾፌር ቁጥር የሞላበት ሰንጠረዥ ብታሳየው ዝም ይላል። ሥዕሉን ስታሳየው ግን "እዚህ ጋ እኮ ሁለት ፎርክሊፍት መተላለፍ አይችልም፣ አንዱ ወደኋላ ይመለሳል" ይልሃል። ይህን ከማንም መዝገብ አታገኘውም። ሥዕሉ ለመሸጫ ሲሆን ነው የማልወደው፤ ለማረሚያ ሲሆን ዋጋ አለው። ለዚህ ደግሞ ከላይ ወደታች የሚታይ ተራ ሥዕል ይበቃል።

ፓይተን_በአዲስ

እኔ ቀጥታ ሲምፓይ እላለሁ፤ በፓይተን የሚጻፍ ነው። ነፃ ነው፣ ፈቃዱ ክፍት ነው፣ ለንግድ ሥራም ይፈቀዳል። ልጅቷ ፓይተን ካወቀች የመኪናውን ግቢ በአጭር ኮድ ትጽፈዋለች። አንድ መኪና ማለት አንድ ፈንክሽን ነው፦ ደረሰ፣ በር ጠየቀ፣ እስኪሰጠው ጠበቀ፣ ተራገፈ፣ ተጫነ፣ ለቀቀ። "ዪልድ" በምትለው ቃል ሰዓቱን ታስጠብቀዋለች። ውጤቱም እዚያው ፓይተን ውስጥ ይተነተናል። ኮዱን ጊት (የኮድ ለውጥ መከታተያ) ላይ ብታስቀምጡት ማን ምን እንደቀየረ ይታወቃል፤ በመዳፊት የተሠራ ሞዴል ላይ ይህን ማግኘት ይከብዳል።

ኢንተርኔት ቢጠፋ፣ የፈቃድ ሰርቨር ባይገኝ፣ ዓመታዊ ክፍያ ባይከፈል ሥራው አይቆምም። እኛ ሀገር ይኼ ቀላል ነገር አይደለም።

ወረፋ_ቆጣሪ

ፓይተን_በአዲስ ያለው እውነት ነው፣ አንድ ነገር ግን ልጨምርበት። ሲምፓይ ሥዕል የለውም፤ ሽቱትጋርት_ነዋሪ ያለችውን ከሾፌሩ ጋር የመተራረም ጥቅም በሱ አታገኘውም። ደግሞ ብልሽት፣ የፈረቃ ሰዓት፣ የምሳ እረፍት፣ ሥራው ተቋርጦ ከቆመበት መቀጠሉ በተከፈለባቸው ሶፍትዌሮች ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚመጣ ነው፤ በሲምፓይ እጅህ ላይ ነው። የማሽን ብልሽት መሙላት ላይ ያለውን ሥራ ሲያቋርጥ ቀሪው ደቂቃ ስንት እንደሆነ ራስህ ማስላት አለብህ። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስህተቱም ቀይ ጽሑፍ ሆኖ አይመጣም፤ ውጤቱ አምሮ፣ ግን ተዛብቶ ይወጣል።

በመካከል ያለው ጃምሲም ነው። አውሴንኮ የተባለ የምህንድስና ድርጅት የሠራው ነው፤ ነፃና ክፍት ነው፣ እየጎተቱ በመዳፊት ይሠሩበታል፣ በሦስት ገጽታም ያሳያል። ማስተማሪያው እንደ ትልልቆቹ ብዙ አይደለም። ግን ለግቢህ ከበቂ በላይ ነው።

ጀበል_አሊ

እኔ ዱባይ ሎጂስቲክስ ውስጥ ነኝ። ስለ ግዢው ልናገር፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ስለሆነ።

ሻጩን እነዚህን ጠይቀው፦ ዋጋው በየዓመቱ የሚከፈል ነው ወይስ አንዴ? ዓመቱ አልፎ ባትከፍል ሞዴሉን መክፈት ትችላለህ ወይስ ይቆለፋል? ፈቃዱ ከአንድ ኮምፒዩተር ጋር የታሰረ ነው ወይስ ለሁለታችሁም ይዘዋወራል? ሥራ አስኪያጁ ያለ ፈቃድ ሞዴሉን ከፍተው ማየት ይችላሉ? ሥልጠናው በዋጋው ውስጥ አለ?

እናንተ ጋ ብሩ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ዋጋ ስለሆነ፣ ዓመታዊ ክፍያ በዶላር ከሆነ የዘንድሮው በጀት ለከርሞ ላይበቃ ይችላል። አንዴ ተከፍሎ የሚያልቀውና በየዓመቱ የሚመጣው ልዩነታቸው እዚህ ላይ ይሰፋል። የኩባንያዎቹ ባለቤትነትም ይለዋወጣል፤ ፍሌክስሲምን እ.ኤ.አ. በ2023 ኦቶዴስክ የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ ወስዶታል። የያዝከው ዋጋ ለወደፊቱ እንደማይቆይ አስበህ ግባ።

የሆስፒታል_ጥራት

እኔ የጤና ሰው ነኝ፤ ጉዳዩ ግን ያው ነው። የተመላላሽ ታካሚ ክፍላችንን ወረፋ ለማጥናት ስንነሳ መጀመሪያ የተጣላነው በሶፍትዌር ስም ነበር። ሥራውን ያስቆመው ግን የካርድ ክፍሉ መዝገብ ነው። ታካሚው ካርድ ያወጣበት ሰዓት አለ፣ ሐኪም ዘንድ የገባበት የለም። ያለ መረጃ የትኛውም ሶፍትዌር አይረዳችሁም። ጠርሙስ_መስመር፣ የእናንተ በር ላይ ምን ይመዘገባል?

ጠርሙስ_መስመር

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሆስፒታል_ጥራት ያነሳሽውን ይዘን ዛሬ መዝገቦቹን ከባልደረባዬ ጋር ዘርግተን አየናቸው። ያገኘነውን ላስቀምጥ።

በሩ ላይ ጥበቃው መኪናው ሲገባ በእጁ ይጽፋል፣ በእኛ ሰዓት። የሽያጭ ደረሰኙ ደግሞ ከኮምፒዩተር ይወጣል፣ በፈረንጅ ሰዓት። ባልደረባዬ ሁለቱን በኤክሴል ስታቀናንሳቸው አንድ ኤፍኤስአር የጭነት መኪና ለማራገፍና ለመጫን ስድስት ሰዓት ተኩል ፈጀ አለ። ጥበቃው የጻፈው 3፡10 ነው፣ ደረሰኙ 9፡40 ይላል፤ እውነቱ 30 ደቂቃ ነው። ይኼን በቀላሉ አስተካከልነው። ከሰዓት በኋላ የገቡትን ግን ጠዋት ይሁን ማታ ያልጻፈባቸው ገጾች አሉ።

የማሽን መቆሚያ መዝገባችን ደግሞ ይኸውና፦ የተጻፈው ሁሉ 10፣ 15፣ 30 ደቂቃ ነው። 7 ወይም 13 የሚል የለም። ከ5 ደቂቃ በታችም አንድም የለም። ምክንያት በሚለው ቦታ ብዙው "ሌላ" ነው። የመብራት መቋረጥ ብቻ ነው በደንብ የተጻፈው፤ ማጠቢያው ከመብራት በኋላ የሶዳው ውኃ እስኪሞቅ የሚጠብቀው ጊዜ እንኳ አለ።

ወረፋ_ቆጣሪ

ይኼ መልእክትህ ከሶፍትዌር ምርጫው ይበልጣል። ሁለት ነገር አየሁበት።

አንደኛ፣ ጥበቃው የሚጽፈው መኪናው ሲገባ ነው። አስተዳደሩን ያስጨነቀው ወረፋ ግን ከበር ውጭ ነው። ስለዚህ ዋናው ችግራችሁ መዝገባችሁ ውስጥ የለም! በዚህ መረጃ ሞዴል ብትሠሩ መኪኖቹ የሚደርሱት በሩ በሚያስገባቸው ፍጥነት ይመስላል፤ ሌላ በር ብትከፍቱ ምንም ለውጥ የለውም ብሎ ይመልስላችኋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ሾፌሩ አስፋልቱ ላይ ደርሶ ሲቆም ሰዓት የተጻፈበት ተራ ቁጥር ይሰጠው፤ ሲገባ ይመልስ፤ ጥበቃው ሁለተኛውን ሰዓት ይጻፍበት። ተሳቢ ያለውና ኤፍኤስአሩ ይለዩ፤ የመጫኛ ጊዜያቸው አይገናኝም። የጫኝና አውራጆቹ ቁጥርም በዚያው ይመዝገብ፤ ሦስት ሆነው የጫኑትና ስድስት ሆነው የጫኑት አንድ አይደለም። በዓል ሰሞንና ተራ ሰሞንም ለየብቻ ይያዙ፤ አማካዩን አንድ ላይ ካቀላቀላችሁት በየትኛውም ቀን ያልተከሰተ ወረፋ ነው የምታጠኑት።

ሁለተኛ፣ ማጓጓዣውን ማስረዘም የሚጠቅመው ለአጫጭር መቆሞች ነው ብያለሁ። የእናንተ መዝገብ የጎደለው ልክ እነዚያን ነው። ማጠቢያው አጠገብ አንድ ሰው ሰዓት ይዞ በየፈረቃው ይቁም፣ ወይም ከማሽኑ መቆጣጠሪያ ላይ የመቆምና የመነሳት ምልክቱን የሚመዘግብ ነገር ኤሌክትሪሻኑ ያስገባላችሁ። አንድ ጠርሙስ ወድቆ መስመሩን ለ40 ሰከንድ ያስያዘበትን ማንም ፎርማን አይጽፈውም፤ ተደማምሮ ግን ብዙ ሊሆን ይችላል። መብራቱ የሚያስቆማችሁን ረጅም ጊዜ ደግሞ የትኛውም የሰንሰለት ርዝመት አይሸፍነውም።

ጀበል_አሊ

ስለዚህ ሻጩ ለጊዜው ይቆይ ማለት ነው።

ሽቱትጋርት_ነዋሪ

ይቆይ፤ ግን አትመልሱት። "ሥዕሉን አይተናል፣ አሁን የኛን ግቢ በኛ መረጃ ሥራልን፣ እኛ አጠገብህ ተቀምጠን እናያለን" በሉት። ሲሠራ ምን ያህል ኮድ እንደጻፈ፣ የምሳ እረፍት ስትጨምሩበት ምን ያህል እንደተቸገረ ተመልከቱ። እዚህ እኛ ዘንድ ሶፍትዌር ሲመረጥ የሚደረገው ይኸው ነው፦ አንዲት ትንሽ፣ የራስ ችግር ለሁሉም ትሰጣለች።

ፓይተን_በአዲስ

ከዚያ በፊት ደግሞ አንድ ፈተና ላቀብላችሁ፤ ማንኛውንም ሶፍትዌር፣ የራሳችሁንም ኮድ ጨምሮ፣ የምትፈትኑበት ነው። አንድ መጫኛ በር ብቻ አድርጉ። መኪና በአማካይ በየ25 ደቂቃው ይድረስ፣ አገልግሎቱ በአማካይ 20 ደቂቃ ይሁን፣ ሁለቱም በኤክስፖኔንሻል ስርጭት (አጫጭሩ ጊዜ የሚበዛበት፣ አልፎ አልፎ በጣም ረጅም የሚመጣበት)። መልሱ በወረፋ ቀመር ይታወቃል፤ አማካይ ጥበቃው 80 ደቂቃ ነው። ሞዴላችሁ ለረጅም ጊዜ ሲሄድ ወደ 80 ካልቀረበ አንድ ነገር ተሳስቷል።

ቀጥሎ የመጫኛ ጊዜውን ሁልጊዜ 20 ደቂቃ እንዲሆን አድርጉት፣ ሳይዋዥቅ። ጥበቃው ወደ 40 ይወርዳል። በር አልጨመራችሁም፣ ሰው አልጨመራችሁም፤ መዋዠቁን ብቻ ነው ያጠፋችሁት። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ተመለሱና የመኪናውን መድረሻ ከ25 ወደ 22 ደቂቃ አጥብቡት። ጥበቃው 200 ደቂቃ ይሆናል። የበዓል ሰሞን ወረፋችሁ ለምን በአንድ ጊዜ እንደሚፈነዳ ሥራ አስኪያጁ በዚህ ይገባቸዋል።

ሊትል የተባለው የወረፋ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1961 ያረጋገጠውንም አትርሱ፦ በሰዓት 12 መኪና ቢደርስና እያንዳንዱ በአማካይ አንድ ሰዓት ተኩል ቢቆይ፣ በአማካይ 18 መኪና አለ ማለት ነው። ግቢያችሁ የሚችለው 10 ከሆነ ቀሪው 8 አስፋልት ላይ ነው። ለዚህ ሶፍትዌርም አያስፈልግም።

ተማሪ_5ኛ_ዓመት

80 ደቂቃውን በአሬና ሞከርኩት። የአንድ ቀን ሥራ ሳስኬድ ሲድ ቁጥሩን (የዘፈቀደ ቁጥሮቹ የሚነሱበትን) በቀየርኩ ቁጥር በጣም የተራራቀ መልስ ነው የሚሰጠኝ። ተሳስቻለሁ ማለት ነው?

ወረፋ_ቆጣሪ

አልተሳሳትክም፤ አየኸው ማለት ነው። 80 የሚባለው የብዙ ቀናት አማካይ ነው። አንድ ቀን ብቻ አስኪዶ "ሁለተኛ በር ወረፋውን በዚህን ያህል ይቀንሳል" ብሎ ለአስተዳደር ያቀረበ ሰው ዕጣ አውጥቶ ነው ያቀረበው። 30 ጊዜ በተለያየ ሲድ አስኪዱት፤ አማካዩን ብቻ ሳይሆን ከስንት እስከ ስንት እንደሚዋዥቅም አቅርቡ። ሁለቱን አማራጮች ስታወዳድሩ ደግሞ በአንድ ዓይነት የዘፈቀደ ቁጥሮች አወዳድሩ፤ ያው የመኪና አመጣጥ፣ ያው ብልሽት ለሁለቱም ይድረስ። ያኔ የምታዩት ልዩነት የበሩ እንጂ የዕድል አይሆንም።

ግቢው ማታ የሚዘጋ ከሆነ በየቀኑ ከባዶ ይጀምራል፤ ትክክል ነው፣ እንዲያው ይጀምር። መስመሩ ግን ሦስት ፈረቃ የሚሠራ ከሆነ ባዶ ሰንሰለት ይዞ የጀመረበትን የመጀመሪያ ሰዓታት ከሒሳቡ አውጡት።

ሶፍትዌር ስትመርጡ እነዚህን አይታችሁ ምረጡ፦ ብዙ ጊዜ ማስኬዱን ራሱ ያደርጋል? ሲዱን እንድትወስን ይፈቅድልሃል? የእያንዳንዱን መኪና ታሪክ ወደ ፋይል ያወጣል? ከሥዕሉ ይልቅ እነዚህ ናቸው ውሳኔህን የሚሸከሙት።

ጠርሙስ_መስመር

ከባልደረባዬ ጋር ተነጋግረን ከሥራ አስኪያጁም ዘንድ ገብተናል። የደረስንበት እንዲህ ነው።

ተራ ቁጥሩ ከሰኞ ጀምሮ አስፋልቱ ላይ ይሰጣል፤ ጥበቃዎቹ በእኛ ሰዓት እንዲጽፉ፣ ጠዋት ወይም ማታ የሚለውን እንዲያከብቡ ቅጹን አሳትመናል። ወደ ፈረንጅ ሰዓት የምንቀይረው እኛ ነን። ኤሌክትሪሻኑ ማጠቢያው ላይ የመቆሚያ ምልክቱን ለመውሰድ ተስማምቷል።

የግቢውን ሞዴል ባልደረባዬ በሲምፓይ ትጽፈዋለች፤ እኔ ያንኑ በጃምሲም እሠራዋለሁ። ሁለቱ በአንድ መረጃ ተቀራራቢ መልስ ካልሰጡ ለማንም አናሳይም። ፎርክሊፍት ሾፌሮቹንና የጫኞቹን አለቃ ጠርተን የምናሳየው የጃምሲሙን ነው። መስመሩን ደግሞ በ10 ሳጥን እየጠቀለልን እዚያው እንሞክረዋለን። ኤኒሎጂክን በነፃው የመማሪያ ቅጂ ለማየት አስበን ነበር፤ እሱ ግን ለንግድ ሥራ አይፈቀድም፣ ሞዴሉ የሚፈጥራቸው ነገሮችም ከ50,000 ማለፍ አይችሉም። ጠርሙስ በጠርሙስ ብናደርገው ሁለት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ እንደሠራን ያልቅብን ነበር፤ ወረፋ_ቆጣሪ ለምን ፍሰት እንዳልክ ያኔ ገባኝ።

ሥራ አስኪያጁ ሥዕሉ ስለቀረ ደስ አላላቸውም። ባለ 200 ደቂቃውን ምሳሌ ሳሳያቸው ግን ቁጭ ብለው ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። የግዢውን ጥያቄ መረጃው እስኪሞላ አቆይተውታል። ሻጩም የኛን ግቢ በነፃ ሠርቶ ለማሳየት እሺ ብሏል።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ የመጫኛ ጊዜው ስርጭት የትኛው ይሁን? ሻጩ "ትሪያንጉላር አድርጉት፣ ትንሹን፣ ትልቁንና የሚበዛውን ብቻ ንገሩኝ" አለን።

ወረፋ_ቆጣሪ

መረጃ በሌለበት ለመነሻ ይሆናል፤ የፎርማኑን ግምት ለመያዝም ምቹ ነው። ግን ትሪያንጉላር ከነገርከው ትልቁ ቁጥር አያልፍም። ፓሌት የተሰበረበት፣ ሳጥን ቆጠራው ተሳስቶ እንደገና የተራገፈበት መኪና በሱ ውስጥ አይታይም፤ ወረፋውን የሚያስረዝሙት ደግሞ እነሱ ናቸው። ተራ ቁጥሩ ከተጀመረ በኋላ በቂ መኪና ሲጠራቀም የለካችሁትን ራሱን በሂስቶግራም (ስንት መኪና ስንት ደቂቃ እንደፈጀ በሚያሳይ የዓምድ ሥዕል) ሳሉት፣ ተሳቢና ኤፍኤስአሩን ለይታችሁ። ወደ ቀኝ የተጎተተ ጭራ ካለው ሎግኖርማል ወይም ጋማ የሚባሉትን ስርጭቶች ሞክሩ። አንዱም ካልገጠመ የለካችኋቸውን ቁጥሮች ራሳቸውን በዕጣ እያወጣ እንዲጠቀም አድርጉት፤ ሲምፓይም ጃምሲምም ይህን ይችላሉ።

የሆስፒታል_ጥራት

ያሳተማችሁትን የተራ ቁጥር ቅጽ ፎቶውን እዚህ ብታስቀምጡልን ለካርድ ክፍላችን እንወስደው ነበር።

ጠርሙስ_መስመር

ነገ ቢሮ ስገባ አስቀምጠዋለሁ። የፋብሪካውን ስም ብቻ እሸፍነዋለሁ።